ኦፕን ሶርስ እንጀራ ይሆናል፦ «አይሆንም» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚለቀቅ ሶፍትዌር) እንጀራ አይሆንም የሚል ጽሑፍ ሰው እየተቀባበለው ነው፣ እኔም ጋ ደርሶ ረጋ ብዬ አነበብኩት። ጸሐፊው የሙያ ወንድማችን ነው፣ ብስጭቱም ይገባኛል፣ ለፍቶ ኮድ ጽፎ በነጻ ለቆ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ሰው ብስጭት ነው። ላላነበባችሁት የሚለውን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ አንደኛ ሰው በነጻ ለሚያገኘው ነገር አይከፍልም፣ ሁለተኛ ዶኔሽን የሚባለው ነገር ልመና ነው፣ ሦስተኛ በዚህ ነገር ያለፈላቸው እነ ሬድ ሃት ብቻ ናቸው፣ አራተኛ የዳታቤዝ ኩባንያዎቹ እነ ሞንጎዲቢና ሬዲስ እንኳን ተስፋ ቆርጠው ላይሰንሳቸውን ቀይረዋል፣ አምስተኛ ክራክ፣ ማለት የተሰረቀ ሶፍትዌር፣ እንደ ልብ በሚገኝበት አገራችን ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም፣ ስለዚህ ወጣቶች ኮዳችሁን ደብቁ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን ይቺ የመጨረሻዋ ምክር አላስችል አለችኝ፣ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ጽሑፉን አንብበው ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን ጊትሃባቸውን ፕራይቬት እያደረጉ ነው። እኔ ቤት ኪራይ የምከፍለውም ልጅ የማስተምረውም በኦፕን ሶርስ ነው፣ ኢአርፒኔክስት የሚባለውን የህንዶች የድርጅት ማስተዳደሪያ (ሂሳብ፣ ደመወዝ፣ ንብረት) ሲስተም አዲስ አበባ ላሉ ድርጅቶች እንተክላለን፣ እናስተካክላለን፣ እናሰለጥናለን። ስለዚህ ጉዳዩ ለኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ባስቀመጥከው ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ሰው በነጻ ለሚያገኘው አይከፍልም» ያልከው ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ይሄ ነገር ገና ከጅምሩ ነው የፈረሰው። ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ የሚባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሊጀምር ከኤምአይቲ ስራውን ለቆ ወጥቶ በ1985 እ.ኤ.አ. (የውጭውን ታሪክ ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው) የተዳደረው በምን ነበር? ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም በማግኔት ቴፕ እየገለበጠ አንዱን ቴፕ በ150 ዶላር እየሸጠ ነው። ያውም ኔትወርክ ያለው ሰው ያንኑ ፕሮግራም በነጻ ማውረድ እየቻለ። የሚገዛው ኔትወርክ የሌለው ወይ ጣጣውን የማይፈልግ ነበር። በኋላ የወጣው ጂፒኤል የሚባለው የሱ ላይሰንስም ቢሆን ለምትሰጠው ቅጂ የፈለግከውን ያህል ማስከፈል እንደምትችል በግልጽ ይፈቅዳል፣ ብዙ ልጆች ይሄን አያውቁትም፣ ጂፒኤል ማለት መሸጥ ክልክል ነው ብለው ነው የሚያስቡት።

ስቶልማን የድሮ ነው ካልከኝ ደግሞ ኤስኪውላይት የሚባለውን ዳታቤዝ ተመልከት። አሁን ይሄን የምታነብበት ስልክ ውስጥ አለ፣ አንድሮይድም ይሁን አይፎን። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ በ2000 ነው የጀመረው፣ ላይሰንስ እንኳን አላደረገበትም፣ ኮፒራይቱን ጭራሽ ትቶ ለሕዝብ ለቆታል፣ ወስደህ በስምህ ብትሸጠው የሚከስህ የለም። ባንተ ሂሳብ ይሄ ሰውዬ በረሃብ ማለቅ ነበረበት። እሱ ግን ለብዙ ዓመታት ከትንሽ ቡድን ጋር ሙሉ ጊዜውን እዚያው ላይ ነው የሚሰራው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንዱን ብቻ ላሳይህ፣ ምክንያቱም ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የኤስኪውላይት ሰዎች አንድ ወረቀት ይሸጣሉ። ወረቀቱ «ይህ ኮድ በእርግጥ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው፣ ለመልቀቅም መብቱ ነበረን» የሚል ዋስትና ነው፣ ዋጋው 6,000 ዶላር። ወረቀቱን የገዛ ድርጅት አንድም ተጨማሪ መስመር ኮድ አያገኝም፣ የሚገዛው የሕግ ክፍሉ በጽሑፍ ማረጋገጫ ካላየሁ አልፈርምም ስለሚል ነው። ሌላው ደግሞ ኮንሰርቲየም አለ፣ እንደ ብሉምበርግ ያሉ ድርጅቶች ዓመታዊ ክፍያ እየከፈሉ አባል የሚሆኑበት፣ የሚያገኙት ነገር ችግር ሲገጥማቸው ጸሐፊዎቹን በቀጥታ ማግኘት ነው። ጠንከር ያለ የቴስት ስብስባቸውም ለብቻው ይሸጣል።

የኔ ሀሳብ ጠቅላላ ይሄው ነው፣ እዚሁ ላይ ልናገረውና ሌላውን በዚህ መነጽር እንየው፦ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያወጣው ኃላፊነት ለሚወስድለት ሰው ነው። ሲስተሙ ሲቆም ስልክ የሚያነሳ፣ ሕግ ሲቀየር ቀድሞ የሚያስተካክል፣ ዳታው ሲጠፋ ባካፕ ያለው፣ ፈርሞ ማህተም የሚያደርግ ሰው። ኮዱ የተዘጋ ሆነ የተከፈተ ይሄ ኃላፊነት ከሆነ ሰው ትከሻ ላይ መውደቅ አለበት፣ እንጀራችንም እዚያ ጋ ነው ያለው።

ወደ ዶኔሽን ልምጣ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለህ። የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚስጥር በሚጠብቀው በኦፕንኤስኤስኤል የሰጠኸው ምሳሌ ትክክል ነው፣ በ2014 ሃርትብሊድ የሚባለው ቀዳዳ ሲገኝ በዓለም ያለ ባንክና ሱቅ ሁሉ የተደገፈበት ኮድ በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ዶኔሽን ነበር የሚያገኘው፣ አሳፋሪ ነው። በ2024 ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ላይ የተፈጸመውም ተንኮል የገባው ብቻውን ደክሞት በነበረ አንድ በጎ ፈቃደኛ በኩል ነው። አልከራከርህም፣ «ስራዬን ከወደዳችሁት ቡና ጋብዙኝ» የሚል በተን አስቀምጦ ቤት ኪራይ እከፍላለሁ የሚል ልጅ ካለ እኔም ተው ነው የምለው።

ግን ከዚህ ተነስተህ መዋጮ በሙሉ ልመና ነው ማለትህ አልተዋጠልኝም። ብሌንደርን ውሰድ፣ 3ዲ አኒሜሽን የሚሰራበት፣ አዲስ አበባ ያሉ የቪዲዮ ልጆች ሁሉ የሚጠቀሙበት። በ2002 ባለቤት የነበረው ኩባንያ ተዘግቶ ኮዱ ከኢንቨስተሮቹ እጅ ቀርቶ ነበር። ቶን ሮዘንዳል 100,000 ዩሮ ካገኘሁ ኮዱን አስለቅቄ በጂፒኤል እለቀዋለሁ አለ፣ በሰባት ሳምንት ገንዘቡ ሞላ፣ በጥቅምት ወር ኮዱ ተለቀቀ። ዛሬ የብሌንደር ፈንድ በቋሚነት ዴቨሎፐሮች ቀጥሮ ያሰራል፣ ኤፒክ ጌምስ ብቻውን በ2019 የ1.2 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ሰጥቷል። ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ ብሌንደር የጠየቀው የታወቀ ነገር በታወቀ ዋጋ ነው፣ ሰጪው ገንዘቡ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ካሌብ ፖርዚዮ የሚባል፣ ላራቬል በሚባለው የዌብሳይት መስሪያ የሚሰራ ሰውም በ2020 በጊትሃብ ስፖንሰርስ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ መድረሱን ራሱ ጽፏል፣ የሰራው ነገር ቢኖር ላይቭዋየር የሚባለውን ፕሮግራሙን በነጻ ሰጥቶ ማስተማሪያ ቪዲዮዎቹን ግን ለስፖንሰሮች ብቻ ማድረግ ነው። ስሙ ዶኔሽን ይሁን እንጂ ስራው ንግድ ነው። የኦፕንኤስኤስኤልም ታሪክ አንተ ባቆምክበት አላቆመም፣ ከሃርትብሊድ በኋላ ሊነክስ ፋውንዴሽን እነ ጉግልን፣ ማይክሮሶፍትንና ፌስቡክን ሰብስቦ ፈንድ አቋቁሞ ለዴቨሎፐሮቹ ደመወዝ መክፈል ጀመረ። ዘግይቷል፣ በጣም ዘግይቷል፣ ግን ሆኗል።

ሦስተኛውን ነጥብ ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም በአንድ ስም ይፈርሳል። ሬድ ሃትን አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር መግዛቱ እውነት ነው፣ እንደዚያ አይነት ሁለተኛ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም። ግን ለእንጀራ ሬድ ሃት መሆን ማን አስገደደን? ማይክ ፔርሃም ሳይድኪክ የሚባለውን የፕሮግራመሮች መሳሪያ ሲሰራ ኢንቨስተር አልነበረውም፣ ለብዙ ጊዜም ሰራተኛ አልነበረውም፣ ዋናውን በነጻ ለቆ ትልልቅ ድርጅቶች የሚፈልጉትን ተጨማሪ ነገር ፕሮ ብሎ በዓመት ክፍያ ይሸጣል፣ ብቻውን ሆኖ በዓመት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ሰው ነው። ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ደግሞ ከርል የሚባለውን በኢንተርኔት ዳታ ማስተላለፊያ ለሃያ ዓመት ገደማ በትርፍ ጊዜው ሲሰራ ቆይቶ ከ2019 ጀምሮ ወልፍኤስኤስኤል የሚባል ድርጅት ውስጥ ሙሉ ጊዜውን እየሰራበት ነው፣ ድርጅቱ የሚሸጠው የከርል ሰፖርት ውል ነው። ይኸው፣ ሁለቱም እንደኔና እንዳንተ አንድ አንድ ሰው ናቸው።

የላይሰንሱን ጉዳይ ግን ብዙ ሰው ስለሚደናገርበት ትንሽ ልቆይበት። ሞንጎዲቢ በ2018፣ ኢላስቲክ በ2021፣ ሃሺኮርፕ በ2023፣ ሬዲስ በ2024 ላይሰንስ ቀይረዋል፣ እውነት ነው። «ኦፕን ሶርስ እንደማያበላ እነሱ ራሳቸው መሰከሩ» ያልከው ግን ከየት መጣ? ሞንጎዲቢ ላይሰንሱን ሲቀይር ስቶክ ማርኬት ላይ የተመዘገበ ኩባንያ ነበር፣ ዛሬ ዓመታዊ ገቢው ከቢሊዮን ዶላር አልፏል። ሃሺኮርፕን አይቢኤም በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ነው የገዛው። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የተጣሉት ከአማዞንና መሰል ክላውድ ድርጅቶች ጋር ነው፣ ጠቡም ከትርፉ ትልቁን ድርሻ ማን ይውሰድ የሚል ነው። ያንን የኛ የወር ገቢ ጉዳይ አድርጎ ማቅረብ ልጆቹን ማሳሳት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ዘለልከው። ሬዲስ ላይሰንሱን በቀየረ በቀናት ውስጥ የድሮው ኮድ ቫልኪ ተብሎ በሊነክስ ፋውንዴሽን ስር ቀጠለ፣ የሃሺኮርፕ ቴራፎርም የድሮ ኮድም ኦፕንቶፉ ሆኖ ቀጠለ። ኢላስቲክ በ2024 ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤል የሚባለውን ክፍት ላይሰንስ ጨምረው ወደ ኦፕን ሶርስ ተመልሰዋል። ተስፋ የቆረጠ ሰው አይመለስም እኮ። ለልጆቹ ከዚህ የሚጠቅማቸው ሌላ ነገር ነው፦ የራስህን ፕሮዳክት ሰርተህ ለሁለት አይነት ደንበኛ በሁለት ላይሰንስ መሸጥ ካሰብክ፣ የዳታቤዝ ድርጅቱ ማይኤስኪውኤል እንዳደረገው ማለቴ ነው፣ በጂፒኤል የማይመቸው ድርጅት እንዲከፍል፣ ገና ከመጀመሪያው ኮድ ከሚያዋጡልህ ሰዎች የፈቃድ ስምምነት ተቀበል፣ አለዚያ የሌላ ሰው ኮድ ውስጡ ስላለ በኋላ ለብቻህ ላይሰንስ መስጠት አትችልም። ማይኤስኪውኤል በዚህ መንገድ አድጎ ነው በ2008 የኮምፒውተር ኩባንያው ሰን በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አገራችን። «ክራክ ፒችትሪ በነጻ እየተጫነለት ማን ለሶፍትዌር ይከፍላል» ነው ያልከው። እስቲ ያንተኑ ምሳሌ እንፈትሸው። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀም አስመጪ መርካቶ ሄደህ ጠይቅ፣ ለላይሰንስ ሰባራ ሳንቲም አውጥቶ አያውቅም፣ እሺ። ግን ለጫነለት ልጅ ከፍሏል። የፒችትሪ ኮርስ ለወሰደችው አካውንታንት በየወሩ ይከፍላል። ሃርድ ዲስኩ ሞቶ ዳታው ሲጠፋ ላወጣለት ሰው የተጠየቀውን ሳይከራከር ይከፍላል። ሰኔ ሲደርስ ሂሳቡን ለሚዘጋለት ሰው ይከፍላል። ማለት ገበያችን ድሮም ለላይሰንስ ከፍሎ አያውቅም፣ ሲከፍል የኖረው ለሰው ነው። ላይሰንስ ሸጦ መኖር የከበደው እዚህ አገር ያለ የተዘጋ ሶፍትዌር ሻጭ ነው እንጂ አገልግሎት ሻጩ አይደለም። አንተ ኦፕን ሶርስ እዚህ አይሰራም ለማለት ያመጣኸው ምክንያት ለኔ ይሰራል የምልበት ዋና ምክንያቴ ነው።

ስራው ምን እንደሚመስል ደግሞ በቅርብ ላሳይህ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለ። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ እርከኖቹ በሙሉ ተቀየሩ፣ 35 በመቶው ድሮ ከ10,900 ብር በላይ ላይ ነበር የሚጀምረው አሁን ከ14,000 በላይ ሆነ። 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው ድሮ 2,045 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፣ በአዲሱ 1,650 ብር ነው፣ የ395 ብር ልዩነት አለው፣ አሁን ባለው ኑሮ ሰራተኛው ይቺን ብር በጉጉት ነው የሚጠብቃት። ያኔ አንድ ደንበኛችን ያልነበረ ድርጅት ደወለልን። ከሌላ ቦታ የገዙት የተዘጋ የደመወዝ ሲስተም ነበራቸው፣ የግብር ሰንጠረዡ ኮዱ ውስጥ የተቀበረ ነው፣ የሰራው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል፣ የሸጠላቸው ድርጅት ስልክ አያነሳም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሁሉንም ሰራተኛ በኤክሴል አንድ በአንድ እያሰሉ ነበር፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር በጊዜ ካልደረሰ ሰራተኛው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ» አሉኝ። እኚህ ሴት ኮዱ የተዘጋ ይሁን የተከፈተ ከዚያ በፊት አሳስቧቸው አያውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ውል ሲፈርሙ መጀመሪያ የጠየቁት «እናንተስ ነገ ብትጠፉ ሌላ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል?» የሚል ነው። ይችላል፣ ኮዱ እጅዎ ላይ ነው አልናቸው። ውሉ የተፈረመው በዚህ መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስራው ደግሞ ቁጥር ቀይሮ እንደማስገባት ቀላል አይደለም፣ ቀላል ቢሆን ማንም አይከፍለንም ነበር። የኢአርፒኔክስት የግብር ሰንጠረዥ የተሰራው በዓመት ገቢ ነው፣ የህንድ ግብር እንደዚያ ስለሆነ ዓመቱን ገምቶ ለወራት ያካፍላል። የኛ አዋጅ የሚያሰላው በወር ነው። ስለዚህ ግብሩን በደመወዝ ኮምፖነንቱ ፎርሙላ በኩል በወር በወር ማስላት አለብህ፣ ጡረታው 7 በመቶ ከሰራተኛው 11 በመቶ ከአሰሪው ይሄዳል፣ ትርፍ ሰዓት በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት በአዘቦት ቀን በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5። በዚያ ላይ ሲስተሙ ቀኑን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ፔይስሊፑ ላይ ሰራተኛው ማየት የሚፈልገው መስከረምን ነው፣ ጳጉሜን ደግሞ ከየትኛው ወር ጋር እንደምትታሰብ ድርጅቱ መወሰን አለበት። ይሄን ሙምባይ ያሉ የፍራፔ፣ የኢአርፒኔክስት ሰሪው ድርጅት፣ ልጆች አይሰሩልህም፣ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። እዚህ ያለ፣ አዋጁን በአማርኛ አንብቦ የሚረዳ፣ ከፋይናንስ ኃላፊዋ ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ሰው ነው የሚሰራው። ዋጋችንም በሦስት ይከፈላል፣ ተከላና ማስተካከያ፣ ስልጠና፣ ከዚያ ዓመታዊ የሰፖርት ውል። ለጀማሪ አንድ ነገር ልምከር፣ የሰፖርት ውሉን በተከላው ዋጋ ውስጥ እንደ ምርቃት አትጨምሩት፣ የሚያኖራችሁ እሱ ነው፣ ተከላ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር ነው።

የግል ድርጅት ብቻ አይደለም። ፋይዳ መታወቂያ የተሰራበት ሞሲፕ ህንድ ባንጋሎር ካለ ኢንስቲትዩት የወጣ ኦፕን ሶርስ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ኦፕን ሶርስ ነው፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ውስጡ አለ፣ ያንን የሚያውቅ ባለሙያ በየክልሉ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሙድል በሚባል የኦንላይን ትምህርት ሲስተም ላይ ያስተምራሉ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ዲስፔስ ነው፣ ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው። የላይብረሪ ማስተዳደሪያው ኮሃማ እንዴት እንደተወለደ ብታውቅ ደስ ይልሃል፣ ኒውዚላንድ ያለ ሆሮወኑዋ የሚባል የገጠር ላይብረሪ የድሮው ሲስተሙ 2000 እ.ኤ.አ. ሲገባ ሊቆምበት ሆነ፣ ካቲፖ ለሚባል ትንሽ ድርጅት ከፍሎ አዲስ አሰራ፣ በጥር 2000 ስራ ጀመረ፣ ኮዱንም በጂፒኤል ለቀቁት። ካቲፖ ስራው ከመጀመሩ በፊት ደንበኛ ነበረው፣ ገንዘቡ የተከፈለው ሲሰራ ነው። ዛሬ አሜሪካም ፈረንሳይም ኮሃን በመትከልና በመደገፍ ብቻ የሚኖሩ ድርጅቶች አሉ። እኛ ጋ ይሄን ክፍተት የሚሞላው ብዙ ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲው አይቲ ሰራተኛ ነው፣ እሱ ሲለቅ ሲስተሙ አብሮ ይሞታል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ገበያው ተዘርግቶ ሰው ነው የጠፋው፣ አንተ ደግሞ ልጆቹን ወደዚያ እንዳትሄዱ ትላቸዋለህ።

ክፍያ ከውጭ መቀበል ያስቸግራል ያልከው ልክ ነው፣ የኦንላይን ክፍያ ድርጅቱ ስትራይፕ እዚህ አገር ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም፣ ለአንድ ዴቨሎፐር ይሄ ከባድ እንቅፋት ነው፣ መስተካከልም አለበት። ግን በሩ ጥርቅም ብሎ አልተዘጋም። ውል ያለው ስራ በባንክ በስዊፍት ይከፈላል፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሬው በገበያ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ዶላርህን በባንክ ማስገባት እንደ ድሮው ግማሹን ዋጋ ማጣት መሆኑ ቀርቷል። አገር ውስጥ ላለው ደንበኛ ደግሞ ስትራይፕ ምን ያደርግልሃል፣ የሚፈልግብህ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን እና ደረሰኝ ነው፣ በባንክ ያስገባልሃል። የመንግስት ክፍያ ይዘገያል፣ ያ እውነት ነው፣ እሱ ግን ሲሚንቶ የሚያቀርበውንም ወንበር የሚያቀርበውንም የሚያማርር ነገር ነው፣ የኦፕን ሶርስ ችግር አታድርገው። ቅድሚያ ክፍያ ሳይዙ ስራ አለመጀመር ነው መድሃኒቱ።

እና «ኮዳችሁን ደብቁ» ወደሚለው እንምጣ። ምክንያትህ ሁለት ነው፣ ይሰረቃል፣ ደግሞም ስራ የሚያስገኘው ዲግሪና ሰው ማወቅ ነው። የመሰረቁን ነገር በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የተጠበቀ ስራ ነው፣ በክፍት ላይሰንስ ስትለቀው መብትህን አልጣልክም፣ በምን ሁኔታ እንደሚጠቀሙበት ወሰንክ እንጂ። አንድ ሰው አሻሽሎ ሰርቨር ላይ እየሸጠ ላንተ ምንም እንዳይመልስ ከሰጋህ ኤጂፒኤል አድርገው፣ በኔትወርክ የሚያስጠቅም ሁሉ ያሻሻለውን ኮድ የማሳየት ግዴታ ይኖርበታል። ምንም ላይሰንስ ሳያደርጉ መልቀቅ ነው ትልቁ ጥፋት፣ ብዙ የኛ ልጆች የኮድ ማከማቻ (ሪፖ) እንደዚያ ነው፣ ላይሰንስ ፋይል የለውም፣ ስለዚህ ጠንቃቃ ድርጅት ሊነካው አይችልም።

ስራ ስለማግኘት ደግሞ። አውትሪቺ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በሙያው ውስጥ ዕድል ለተነፈጋቸው ሰዎች የተዘጋጀ፣ ቤትህ ሆነህ ለሦስት ወር ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ ትሰራለህ፣ 7,000 ዶላር ይከፍላል። ለብር ደመወዝተኛ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አያቅትህም። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድም ከ2005 ጀምሮ አለ፣ አሁን ተማሪ ላልሆነ ጀማሪም ክፍት ነው፣ ክፍያው እንደየአገሩ ኑሮ ይለያያል። ለሁለቱም የሚመርጡህ ከማመልከትህ በፊትና በማመልከቻው ሰሞን ፕሮጀክቱ ላይ በሰራኸው የሚታይ ስራ ነው። የደበቀ ልጅ እዚያ ምን ያሳያል? እኛም ሰው ስንቀጥር ከዲግሪው በፊት የማየው የሌላ ሰው ፕሮጀክት ላይ የከፈተውን ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ነው፣ ችግሩን በደንብ አስረድቷል ወይ፣ ኮዱ ላይ አስተያየት ሲሰጠው ተቆጣ ወይስ አስተካከለ፣ ዶክመንቴሽን አንብቧል ወይስ ሳያነብ ጠየቀ። ከቃለ መጠይቅ የበለጠ ይነግረኛል።

ውድድሩን ከፈራህ የኛን ልንገርህ። የደመወዝ ፎርሙላውን፣ ግብሩን፣ ጡረታውን፣ ትርፍ ሰዓቱን፣ የኢትዮጵያ ቀን ማሳያውን በሙሉ በጂፒኤል ለቀነዋል፣ ጓደኞቼም ያኔ ተቆጥተውኝ ነበር። ከኛ ጋር ጨረታ ላይ የሚወዳደር ሌላ ድርጅት ወስዶ ለራሱ ደንበኞች ተክሎታል፣ አውቃለሁ፣ መብቱ ነው። እነሱ ደግሞ ደንበኛቸው ስለጠየቃቸው ፔይስሊፑንና ሪፖርቶቹን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉመው መልሰው ላኩልን። ባለፈው አዳማ ያለ ፋብሪካ ስራ ስናገኝ ሰራተኛው በቋንቋው የሚያነበው ፔይስሊፕ አንድ ብር ሳናወጣበት ተዘጋጅቶ ነበር፣ የዓመት ሰፖርት ውሉንም የፈረሙት ከእኛ ጋር ነው።